ሊሰጡት ማሳደግ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ አለም ገናን ካለፈ በኋላ ሰበታ ይደርሳል። ሰበታን አንዱ በቢራ ፋብሪካዋ ያውቃታል፤ ሌላው በጌቴሴማኒ ገዳሟ፤ የዛሬው ትውልድ ደግሞ በየመንገዱ ዳር በበዙት ፋብሪካዎቿ። ነገር ግን ስሟን ሩቅ አገር ድረስ ያደረሰላት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተተከለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ስሙም «መርሐ ዕውራን» ይባላል።

ቃሉ ግዕዝ ነው። «መርሕ» ማለት መሪ፣ መንገድ አሳይ ማለት ሲሆን፣ ሲናበብ «መርሐ ዕውራን» ይሆናል፤ የዕውራን መሪ። በዛሬ አነጋገራችን «ዕውር» የሚለው ቃል ስለሚጎረብጥ «ዓይነ ስውር» እንላለን፤ ትምህርት ቤቱ ግን የጥንት ስሙን ይዞ ቀርቷል። እኔ ይህን ስም ባነበብሁ ቁጥር ከስምነቱ ይልቅ ጥያቄነቱ ይታየኛል። ለመሆኑ የዓይነ ስውር መሪው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሰው ልጅ በየአገሩና በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥቷል። አንዱ «ልጅ» አለ፤ አንዱ «በትር» አለ፤ አንዱ «ውሻ» አለ፤ አንዱም «ፊደል» አለ። በዚህች መጣጥፍ አብዝቼ የማወጋችሁ ስለ ሦስተኛው መልስ ነው። ያውም ስለ ውሻው ብቻ አይደለም፤ ውሻውን ገና በቡችላነቱ ተቀብለው፣ በቤታቸው አሳድገው፣ ጎልምሶ ደስ በሚያሰኝበት ጊዜ ለማያውቁት ዓይነ ስውር አሳልፈው ስለሚሰጡት በጎ ፈቃደኞች ጭምር ነው። ነገሩ ከእኛ መንደር እጅግ የራቀ ይመስላል። ውድ አንባቢ፣ በትዕግሥት ከተከተልኸኝ ግን ዞሮ ዞሮ ሰበታ ደጃፍ ላይ ያደርሰናል።

መሪው ልጅ

በአገራችን የዓይነ ስውር የጥንት መሪ ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እስከ ገበያ ዳር፣ ከመናኸሪያ እስከ ንግሥ በዓል፣ አንድ አዛውንት የበትራቸውን አንድ ጫፍ፣ አንድ ብላቴና ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይዘው ሲሄዱ ያላየ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ብላቴናው የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ለዕለት ጉርሱና ለዓመት ልብሱ ከዘመድ የመጣ ልጅም ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን ማን ዓይኑን ያበድራል። አዛውንቱ ሲቆሙ ይቆማል፤ ሲቀመጡ ይቀመጣል፤ እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እርሱ ጥላ ሥር ሆኖ ይጠብቃል።

በአብነት ትምህርት ቤት የዓይነ ስውሩ ዕጣ ከዚህ በመጠኑ ይለይ ነበር። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚያዝ በመሆኑ ማየት ያልቻለ ተማሪ ከደጅ አልተመለሰም። የቃል ትምህርት የሚሰጠው በሌሊት፣ መብራት በሌለበት ነው፤ በዚያ ሰዓት ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የሚያዩት በጆሯቸው ነውና። በዚህ መንገድ ዜማ የዘለቁ፣ ቅኔ የተቀኙ፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን በየደብሩ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

ሲነጋ ግን እኩልነቱ ያበቃል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ካልዞረ አያድርም። የቆሎ ተማሪን የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ጠላቱን አብሮ ያውቃል፤ ጠላቱ ውሻ ነው። ተማሪው በእጁ የሚይዛት በትር ጌጥ አይደለችም፤ የውሻ መመለሻ ናት። ዓይናማው ውሻው ከየት እንደመጣ አይቶ በትሩን ይሰነዝራል። ዓይነ ስውሩ ግን ጩኸቱን እንጂ ጥርሱን አያይም፤ የጓደኛውን ደበሎ ጫፍ ይዞ ከኋላ ከመከተል ሌላ አማራጭ የለውም።

እንግዲህ በእኛ ባህል በዓይነ ስውሩና በውሻው መካከል የቆመው በትር ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ አበው፣ የውሻ ግብሩ ደጅ መጠበቅ ነው፤ ደጅ መጠበቅ ደግሞ መንገደኛን ማስቆም ማለት ነው። መንገደኛን የሚያስቆም እንስሳ መንገደኛን ይመራል ብሎ ማን ያስባል?

ሆኖም በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ውስጥ ዓይነ ስውርና ውሻ በአንድ ታሪክ የተገናኙበት ቦታ አለ። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ሲከበር የሚታወሰው መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት ዓይኖቹ ታውረዋል። ልጁ ጦብያ ለአባቱ ጉዳይ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ መልአኩ ሩፋኤል በሰው አምሳል ሆኖ መንገድ ይመራዋል፤ የልጁም ውሻ ይከተላቸዋል። ልብ በሉ፤ ውሻው ዓይነ ስውሩን አይመራም፤ ከዓይናማው ልጅ ጋር ይሄዳል። አባቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። በዚያ ታሪክ መንገዱን የሄዱት ልጅ፣ መልአክና ውሻ ናቸው፤ ዓይነ ስውሩ ራሱ ግን ከደጁ አልራቀም። ውሻው ከልጁ ጎን ወጥቶ ከአባቱ ጎን እንዲሰለፍ ብዙ ዘመናት ማለፍ ነበረባቸው።

ከኦልደንቡርግ እስከ ኒው ዮርክ

ውሻን ለዓይነ ስውር መሪነት በወግ ማሠልጠን የተጀመረው በጦርነት ምክንያት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝና የመድፍ ፍንጣሪ እጅግ ብዙ ወታደሮችን ዓይን አጠፋ። ጌርሃርድ ሽታሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ዓይነ ስውር ታካሚ ከውሻው ጋር ለጥቂት ጊዜ ትቶ ሲመለስ ውሻው ሰውየውን ሲጠብቀው አየ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ የመጀመሪያው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ በፖትስዳም ሌላ ማሠልጠኛ ተቋቋመ።

በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ለፖሊስና ለቀይ መስቀል ውሾችን ታሠለጥን የነበረች ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ የተባለች አሜሪካዊት የፖትስዳሙን ሥራ አይታ ተደነቀችና እ.ኤ.አ. በኅዳር 1927 በአንድ የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ጻፈችው። ጽሑፉ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ለሚኖር ሞሪስ ፍራንክ ለሚባል ወጣት ተነበበለት። ሞሪስ አንድ ዓይኑን በሕፃንነቱ፣ ሁለተኛውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያጣ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ እየተማረ የመድን ዋስትና ይሸጥ ነበር፤ ለዚህም ሥራ የሚመራው ልጅ ቀጥሮ ነበር። ልጁ ግን ልጅ ነውና ይሰለቻል፤ ሐሳቡ ይበተናል፤ አንዳንዴም ጥሎት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቴነሲና ሰበታ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ የዓይነ ስውሩ መሪ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ልጅ ነበር። ልጅም በሁለቱም ዘንድ ይሰለቻል። ልጅ መሰልቸቱ ነውር አይደለም፤ የራሱ መንገድ ስላለው ነው።

ሞሪስ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ከአንዲት የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ ጋር ሠለጠነ፤ «ባዲ» ብሎ ሰየማት፤ ጓዴ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1928 ኒው ዮርክ ሲደርስ ጋዜጠኞች ከበቡት፤ በከተማዋ እጅግ አስፈሪ ከሚባሉት ጎዳናዎች አንዱን እንዲሻገር ፈተኑት። መኪናው ይተራመሳል፤ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል፤ ሞሪስ አቅጣጫው ሁሉ ጠፋበት። ራሱን ለውሻዋ አሳልፎ ሰጠ፤ ተሻገረም። ከዚያም ወደ ዩስቲስ በላከው ቴሌግራም የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር ይባላል፤ «ተሳካ» የሚል። እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1929 በናሽቪል በአሜሪካ የመጀመሪያው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት «ሲንግ አይ» ተመሠረተ፤ የምታይ ዓይን ማለት ነው። በብሪታንያም ሙሪየል ክሩክና ሮዛመንድ ቦንድ የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1931 ዋላሲ በምትባል ከተማ የመጀመሪያዎቹን አራት ውሾች አሠለጠኑ። ወደ አህጉራችን የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ግላዲስ ኢቫንስ የተባለች ዓይነ ስውር ሴት ከብሪታንያ ከመሪ ውሻዋ ጋር መጥታ የዚያን አገር ማኅበር መሠረተች።

የአንድ ዓመት እንግዳ

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ አንድ ችግር ብቅ አለ። በውሾች ማደሪያ ግቢ ውስጥ ብቻ ያደገ ውሻ ዓለምን አያውቅም። ደረጃ ያስፈራዋል፤ አውቶቡስ ያስደነግጠዋል፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የገበያ ግርግር፣ የዝናብ ጃንጥላ እንኳ ያስበረግገዋል። በርግጎ የሚሸሽ ውሻ ደግሞ ሰው ይዞ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ቡችላው ከሰው ጋር፣ በሰው ቤት ማደግ ነበረበት።

«ሲንግ አይ» እ.ኤ.አ. በ1942 በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት በገጠር ወጣቶች ክበብ ለታቀፉ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ቡችሎችን ማደል ጀመረ። በብሪታንያ ተመሳሳዩ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1956 ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላው በሰባት ወይም በስምንት ሳምንቱ ወደ በጎ ፈቃደኛው ቤት ይገባል። የውሻው ዝርያ ብዙውን ጊዜ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር ወይም የጀርመን እረኛ ነው። አሳዳጊው መምራትን አያስተምረውም፤ እርሱ የባለሙያ ሥራ ነው። አሳዳጊው የሚያስተምረው መኖርን ነው። በተወሰነ ቦታ መጸዳዳትን፣ ከማዕድ አለመንጠቅን፣ ሰው ላይ አለመዝለልን፣ ድመትና ዶሮ አለማባረርን፣ በጠረጴዛ ሥር ዝም ብሎ መተኛትን ያስለምደዋል። ገበያ ይዞት ይወጣል፤ አውቶቡስ ያሳፍረዋል፤ ደረጃ ያስወጣዋል፤ ሕዝብ መካከል ያቆመዋል። ሌሊት ሲያላዝን ይነሣለታል፤ ጫማውን ሲቆረጥምበት ይታገሠዋል። አንድ ዓመት ወይም ትንሽ ዘለግ ሲል ከትምህርት ቤቱ ሰው ይመጣል፤ ውሻውን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት አሠልጣኞች የመያዣ እጀታ ያለውን የደረት መታጠቂያ አድርገውለት መምራትን ያስተምሩታል። ፈተናውን ሁሉም አያልፉም፤ ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው ወይም ወደ አሳዳጊዎቻቸው የሚመለሱ አሉ። ያለፈው ግን ከአንድ ዓይነ ስውር ጋር ይጣመራል፤ የሰውየው አረማመድ፣ ቁመት፣ ጠባይ፣ የሚውልበት ሰፈር ሁሉ ይታያል። ሁለቱ አብረው ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም ውሻው ስምንት ወይም አሥር ዓመት ያህል አገልግሎ ጡረታ ይወጣል።

ብዙ ሰው የመሪ ውሻን ሥራ ሲያስብ ውሻው ሰውየውን ወደሚሄድበት ቦታ የሚወስደው ይመስለዋል። አይደለም። የሚሄዱበትን የሚያውቀው ሰውየው ነው። መንገዱን በልቡ ይዞ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ወደ ፊት» ብሎ የሚያዝዘው እርሱ ነው። ውሻው ጉድጓዱን ያዞረዋል፤ ደረጃ ሲደርስ ይቆማል፤ በራስ ቁመት ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያርቀዋል። የትራፊክ መብራትም አያነብም፤ ሰውየው የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ «እለፍ» ይለዋል። መኪና እየመጣ ከሆነ ግን ውሻው ትእዛዙን አይቀበልም፤ ባለበት ይቆማል። አሠልጣኞች ይህን ውሻን ሊያስተምሩት ከሚከብደው ነገር ሁሉ አስቀድመው ይቆጥሩታል፤ እኔ በአማርኛ «አስተዋይ እምቢታ» ብለው ደስ ይለኛል። መታዘዝን ለብዙ ፍጥረት ማስተማር ይቻላል፤ ስለ ጌታው ሲል ጌታውን እምቢ የሚል ግን ከፍቅር የተገራ ብቻ ነው።

ይህን ፍቅር ከየት ተማረው? ከመጀመሪያው ቤት። ሰውን ማመን የተማረው ጫማውን የቆረጠመበት ሰው ቤት ነው። ዓይነ ስውሩ በጎዳና ላይ የሚደገፍበት እምነት ስሙን በማያውቀው ሰው ማድ ቤት ውስጥ የተገነባ ነው። አሳዳጊው ለዚህ ደመወዝ የለውም፤ በመጨረሻ የሚቀረው ባዶ ገመድና ባዶ ሳህን ነው። ብዙዎቹ ግን ያንን ሳህን አጥበው ሌላ ቡችላ ይቀበላሉ።

የ1942ቱን ነገር መለስ ብላችሁ አስቡት። በኒው ጀርሲ አንድ ልጅ ቡችላ አሳድጎ ለዓይነ ስውር መሪ ሰጠ፤ በማግስቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። በእኛ አገር ልጁ ራሱ መሪ ሆነ፤ በማግስቱም በትሩን ያዘ። ሁለቱም ልጆች መልካም ሠርተዋል። አንደኛው የሰጠው ያሳደገውን ነው፤ ሁለተኛው የሰጠው የራሱን ልጅነት ነው።

በእኛ ጎዳና

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች መካከል ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ውሻ በሦስቱም ሞልቷል። ሌሊት ጅብ ከወጨጫና ከእንጦጦ ሸንተረር ሲወርድ ውሾቹ ከአጥር አጥር ይቀባበላሉ፤ የሱሉልታን የሌሊት ብርድ ያወቀ ያንን ዜማም ያውቀዋል። ቀን የታሰረው የግቢ ውሻ ማታ ይፈታል፤ ባለቤት የሌለው ደግሞ ቀንም ሌትም መንገድ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ስላለ ወላጅ ልጁን ከውሻ እንዲርቅ ይመክራል እንጂ እንዲቀርብ አይመክርም።

በዚህ ጎዳና ላይ አንድ መሪ ውሻ መታጠቂያውን አድርጎ ቢወጣ ምን ይገጥመዋል? የመንደሩ ውሾች ይከቡታል፤ እርሱ ደግሞ እንዳይጣላ ሆኖ ያደገ ነው። ክዳን የሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የተከመረ አሸዋና ጠጠር፣ ከሚሠራ ሕንፃ የወጣ ብረት፣ ጥጉን ይዞ የቆመ ሚኒባስ ይጠብቁታል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ይከለክለዋል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አያስገቡትም፤ ምግብ ቤቱም እንደዚያው። መሪ ውሻ ማለት ውሻ ብቻ አይደለምና። መሪ ውሻ ማለት የእግረኛ መንገድ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነው፤ በየበሩ «ይግባ» የሚል ሕግ ነው፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ቡችላውን ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይቆምም።

ስለዚህ በሦስቱ ከተሞች የዓይነ ስውሩ መሪ ዛሬም ሰውና ነጭ በትር ናቸው። ነጩ በትር እንኳ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የተባለ ዓይኑን ያጣ ፎቶግራፍ አንሺ መኪኖች እንዲያዩት ሲል በትሩን ነጭ ቀለም ቀባ። የእኛ የቆሎ ተማሪ በትር ውሻ እንዲያያት የተያዘች ናት፤ የቢግስ በትር ሰው እንዲያያት የተቀባች ናት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አንደኛዋ ጠላትን ታርቃለች፤ ሁለተኛዋ ወገንን ታሳስባለች። ሁለተኛዋ ግን ወገን ከሌለ አትሠራም።

እኔ በቡራዩ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት መስኮቴ ፊት ከቆሙት ሰዎች አንዳንዶቹ አይረሱኝም። አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ወርኃዊ ገንዘባቸውን ሊያወጡ አሥር ዓመት ከማይሞላው የልጅ ልጃቸው ጋር ይመጡ ነበር። ወረቀቱን የሚያነበው ልጁ ነው፤ ቀሪ ሂሳቡን የሚሰማው ልጁ ነው፤ ብሩን የሚቆጥረው ልጁ ነው። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጁን «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልሁት። «ዘንድሮ አልተመዘገብኩም፤ አባባን ማን ይይዛቸዋል?» አለኝ። አዛውንቱ ሰምተው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ስንት ነገር እንደያዘ የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጁ ትምህርቱን አጥቷል፤ አዛውንቱ ደግሞ ምሥጢራቸውን፤ በእጃቸው ስንት ብር እንዳለ ከልጁ አፍ ካልሰሙ አያውቁም። ሁለቱም ተዋድደዋል፤ ሁለቱም ተጎድተዋል።

ፊደል እንደ መሪ

የሰበታው ትምህርት ቤት ለጥንቱ ጥያቄ የሰጠው መልስ እዚህ ላይ ይታያል። «መርሐ ዕውራን» ልጅ አላከራየም፤ ውሻም አላሠለጠነም፤ ፊደል አስጨበጠ።

ብሬል ከሉዊ ብሬል ስም የተወሰደ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ የተወለደው ሉዊ በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ውስጥ በወስፌ ዓይኑን ወጋ፤ ጉዳቱም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተዛመተ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በስድስት ነጥቦች የሚጻፍ ፊደል ፈጠረ። ስድስት ነጥብ ከ63 በላይ ምልክት አይወጣውም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ነው። እንዴት ገባ? የአማርኛው ብሬል ፊደሉን ከፈለው፤ ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ አድርጎ አስቀመጠው። ዓይናማው በአንድ ምልክት የሚያየውን «ቡ» ዓይነ ስውሩ በሁለት ምልክት፣ «ብ»ንና «ኡ»ን እየዳሰሰ ያነበዋል። ፊደላችን ውስጥ የተሠወረውን ሥርዓት ጣት ከዓይን ይልቅ ለይቶ አወቀው ማለት ነው።

ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ሰበታ የመጡ ልጆች በዚህ ፊደል ተማሩ፤ ከዚያም ከዓይናሞች ጋር በመደበኛ ትምህርት ቤት ተቀመጡ፤ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሙዚቀኞች ሆኑ። በሻሸመኔና በባኮም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓይነ ስውራን ስለራሳቸው ራሳቸው መናገር ጀመሩ። በሻሸመኔው ትምህርት ቤት የተማረችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች የአማራ ሳይንት ልጅ ናት።

ሕጉም ቀስ እያለ ተከትሏል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደርስባቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ እንዲባዙ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላለች። ሐኪሙንም አንርሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ማየት እንደማይችል፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደሆነ አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። እንዲህ ላለው ዓይን የሚያሻው መሪ ሳይሆን ሐኪም ነው።

የእኛዎቹ አሳዳጊዎች

ታዲያ ቡችላ አሳዳጊዎቹ ለእኛ ምን ያስተምሩናል? ነገ ጠዋት ቡችላ እንቀበል ለማለት አይደለም። ትምህርቱ በውሻው ሳይሆን በአሰጣጡ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ለዓይነ ስውር ምጽዋት አይጥሉም፤ ዕድሜያቸውንም ጠቅልለው አይሰጡም። ከሕይወታቸው አንድ ዓመት ቆርሰው አንድ ነገር ያሳድጋሉ፤ ያሳደጉት ነገር ደግሞ ከእነርሱ እጅ ወጥቶ ራሱን ችሎ ይሠራል። ምጽዋት በማግሥቱ ያልቃል፤ ያሳደጉት ግን ለዓመታት ይሄዳል።

የእኛም አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች አሏት፤ ስም ስላላወጣንላቸው ነው እንጂ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ግቢዎች በብሬል ያልታተሙ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ፈተና በደረሰ ጊዜ የራሳቸውን ደብተር አጥፈው የሌላውን ይገልጣሉ፤ በካሴት ዘመን በካሴት፣ ዛሬ በስልክ ድምፃቸውን ቀድተው ይሰጣሉ። የተቀዳው ድምፅ አንባቢው ተመርቆ ከሄደ በኋላም ከጆሮ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። እነዚህ አንባብያን ለእኔ የቡችላ አሳዳጊዎቹ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው።

ሌላም አለ። ሱሉልታ የሯጮች አገር ናት፤ ማለዳ በሜዳዋ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ፈጽሞ የማያዩ አትሌቶች በሚወዳደሩበት ምድብ ሯጭና መሪ ሯጭ እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሪው አይጎትትም፤ የማጠናቀቂያውን መስመርም ከአትሌቱ ቀድሞ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ በ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ስታጠልቅ ከጎኗ መሪዋ ነበር፤ እርሱም ሜዳሊያ አጥልቋል። መሪነት ማለት ይህ ነው፤ ከጎን ሆኖ መሮጥ፣ በመጨረሻዋ እርምጃ ግን ወደ ኋላ ማለት። ይህ መሪ ልጅነቱን አልተቀማም፤ መርጦ የመጣ ሯጭ ነው፤ የራሱ ትንፋሽና የራሱ ሜዳሊያ አለው።

ውድ አንባቢ፣ የዓይነ ስውር መሪው ማን ነው ብለን ጀመርን። መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ውሻም ይሁን በትር፣ ፊደልም ይሁን የጎን ሯጭ፣ ያለው ሁሉ መልካም ነው። አንድ መልስ ግን ከእንግዲህ ሊቀርልን ይገባል፤ እርሱም የልጅን ዘመን ቆርጦ የሚሠራው መሪ ነው። እርሱን ለማስቀረት የእያንዳንዳችን አንድ ዓመት፣ ወይም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ወይም አንድ የተነበበ መጽሐፍ ይበቃል። አሳድጎ ለመስጠት የግድ ቡችላ አያሻም፤ ድምፅም ያድጋል።

ያሳደጉት ሁሉ ለራስ ቢቀር ኖሮ፣
ማን በሄደ ነበር ጨለማን ተሻግሮ?
አሳድጎ መስጠት ጉድለት አይደል ለእጅ፤
ሌላው ይወጣል እንጂ በተዉለት ደጅ።